ገንዘቡ የት ሄደ? በካልካታው ምክር ቤት ስለ ጨው፣ ስለ ባቡርና ስለ ትምህርት ቤት የተደረገ ክርክር



እ.ኤ.አ. በማርች 1912 በካልካታ ከተማ፣ በእንግሊዝ ንጉሠ ነገሥት እንደራሴ ሥር የሚሰበሰበው የሕንድ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሁለት ቀን ሲከራከር ቆይቶ ድምፅ ሰጠ። 13 አባላት ደገፉ፤ 38 ተቃወሙ። የተጠየቁት ሕጉን እንዲያጸድቁ እንኳ አልነበረም፤ ረቂቁ ወደ ኮሚቴ ተመርቶ በዝርዝር ይታይ የሚል ጥያቄ ብቻ ነበር የቀረበላቸው። ይኸውም ተከለከለ። ረቂቁ የሚለው፣ ከስድስት እስከ አሥር ዓመት የሆናቸው ወንዶች ልጆች፣ የአካባቢያቸው ምክር ቤት ከወሰነና መንግሥት ከፈቀደ፣ ትምህርት ቤት የመሄድ ግዴታ ይኑርባቸው ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፣ በሕንድ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከመቶ ሰው ስድስት ያህል ነበር፤ ከሴቶቹ ደግሞ ከመቶ አንዷ ያህል። እንዲህ ባለ አገር ይህን ያህል የተቆጠበ ጥያቄ ይህን በሚያህል የድምፅ ልዩነት ወደቀ። (በዚህ ንግግር የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የወደቀ ረቂቅ፣ ያውም በሌላ አገር፣ ያውም ከመቶ ዓመት በፊት፣ ለምን እናነሣለን የሚል ሰው ይኖራል። የማነሣበት ምክንያት ይህ ነው። መንግሥት ውሃ፣ መንገድ፣ ሐኪም ቤት ወይም ትምህርት ቤት ሲጠየቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው መልስ «ገንዘብ የለም» የሚል ነው። ይህ መልስ የሂሳብ መልስ ስለሚመስል ጠያቂውን ዝም ያሰኛል፤ ከሌለ ነገር ምን ይጠየቃል? በካልካታው ምክር ቤት ከ1902 እስከ 1912 የተደረገው ክርክር ግን የዚህን መልስ ውስጡን ገልጦ አሳይቷል። ገንዘቡ ነበረ። ተራ ተይዞለት፣ ከፊት የተሰለፈው ወስዶት ነበር። «የለም» ማለት «ለእናንተ ተራው አልደረሰም» ማለት እንደሆነ፣ ተራውን የሚመድበውም ማን እንደሆነ፣ በራሱ በመንግሥት መዝገብ፣ በራሱ በመንግሥት አዳራሽ ተነበበ። እኔ የምለው የዚያ ምክር ቤት ዋና ፍሬ ይህ ነው፤ ጉድለቱም ከዚሁ ጋር አብሮ ይታያል።

በቅድሚያ ምክር ቤቱ ምን ዓይነት እንደ ነበር እንይ። በ1861 በወጣው ሕግ እንደራሴው ጥቂት ሰዎችን እየመረጠ ሕግ ሲወጣ ብቻ ያማክራቸው ነበር። በ1892 ሕጉ ሲሻሻል አባላቱ ጥያቄ እንዲያቀርቡና በዓመቱ በጀት ላይ እንዲናገሩ ተፈቀደላቸው፤ ድምፅ መስጠት ግን አልተፈቀደም። በጀቱ ተዘጋጅቶ፣ ለንደን ካለው የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትር ጋር ተመክሮበት፣ ካለቀለት በኋላ በማርች ወር ይቀርባል፤ አባላቱ በየተራ ንግግራቸውን ያሰማሉ፤ የገንዘብ ሹሙ ይመልሳል፤ ሁሉም ይበተናል። ከበጀቱ አንዲት ሳንቲም አይነቃነቅም። በ1909 አባላቱ የውሳኔ ሐሳብ አቅርበው ድምፅ እንዲያሰጡ መብት አገኙ፤ ነገር ግን ውሳኔው ለመንግሥት ምክር እንጂ ትእዛዝ አልነበረም። በዚያ ላይ የመንግሥት ሹማምንት በቁጥር እንዲበልጡ ተደርጎ ተደልድሏል፤ 37 ሹማምንት በአንድ ወገን፣ 32 ሹመት የሌላቸው በሌላ ወገን። ሹም የሆነ አባል እንደ ሕሊናው አይመርጥም፤ እንደ መንግሥት ፈቃድ ነው እጁን የሚያወጣው። ስለዚህ መንግሥት ያልፈለገውን ነገር በዚያ አዳራሽ ድምፅ አሸንፎ ማስወሰን አይቻልም ነበር ማለት ይቻላል።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የተደመጠው ሰው ጎፓል ክሪሽና ጎካሌ ነው። በ1866 ተወልዶ፣ በፑና ከተማ በፈርጉሰን ኮሌጅ ለረጅም ዓመታት አስተምሮ፣ የሂሳብ መማሪያ መጽሐፍ ያዘጋጀ መምህር ነበር፤ ይህ ሙያው በኋላ ለተናገረው ሁሉ መሠረት ሆኖታል። ወደ እንደራሴው ምክር ቤት ገብቶ የመጀመሪያውን የበጀት ንግግር ያደረገው ማርች 26 ቀን 1902 ነው። ለዚያ ንግግር አኃዙን አብሮት የሠራው ጋኔሽ ቬንካቴሽ ጆሺ የሚባል፣ እሱም የትምህርት ቤት ሰው ነበር። ሁለት መምህራን የመንግሥትን የሂሳብ ሰነድ እንደ ተማሪ ደብተር ገልጠው አረሙት ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዚያን ዓመት ሂሳብ ያቀረበው የገንዘብ ሹም ከወጪ የተረፈ ብዙ ገንዘብ እንዳለ አብሥሮ ነበር፤ ሌሎች ተናጋሪዎችም ለዚህ የደስታ ቃል ሰጥተዋል። ጎካሌ ተነሥቶ፣ ይህ ትርፍ የአገር ብልጽግና ምልክት አይደለም፣ ከሚገባው በላይ ግብር ለመሰብሰቡ ማስረጃ ነው አለ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፣ በ1896 እና 1897፣ ደግሞም በ1899 እና 1900፣ አገሪቱን ሁለት ታላላቅ ረኀቦች መትተዋት ነበር። ሕዝብ በተራበበት ዘመን ካዝና እንዴት ይሞላል? ጥያቄው ይህ ነበር።

መልሱን ቀስ ብለን እንከተለው፤ በጥሬው ሲታይ ደረቅ ቢመስልም የነገሩ ቁልፍ እዚህ ነው። የሕንድ መንግሥት ግብር የሚሰበስበው በብር በተሠራ ሩፒ ነበር፤ ነገር ግን በየዓመቱ ለንደን ላይ ለብድር ወለድ፣ ለጡረታ፣ ለባቡር ኩባንያዎች የሚከፍለው በወርቅ ፓውንድ ነው። የብር ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወድቅ ሩፒም አብሮ ወደቀ። ቀድሞ ሁለት ሺሊንግ ገደማ ያወጣ የነበረው ሩፒ በ1890ዎቹ አጋማሽ ወደ 13 ፔንስ ወረደ፤ ያው የለንደን ዕዳ ከበፊቱ እጅግ የበዛ ሩፒ ይጠይቅ ጀመር። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን መንግሥት በ1886 የገቢ ግብር ጣለ፣ በ1888 የጨውን ቀረጥ ከፍ አደረገ፣ በ1894 የጉምሩክ ቀረጥ መለሰ። በ1893 ግን የሕዝብ ብር ወደ ሩፒ እንዳይመታ ተከለከለና ሩፒው ውሎ አድሮ ተወደደ፤ በመቶ ዓመቱ ማብቂያ 16 ፔንስ ላይ ረጋ፤ 15 ሩፒ አንድ ፓውንድ ሆነ። ለለንደን የሚያስፈልገው ሩፒ አነሰ። ግብሩ ግን በነበረበት ቀረ። የጎካሌ ክርክር ቀላልና የማይታበል ነበር፤ ቀዳዳው ከተደፈነ፣ መድፈኛው ለምን ይቀጥላል? የተረፈው ገንዘብ ከችግረኛው ኪስ የወጣ ነውና ወይ ለችግረኛው ይመለስ፣ ወይ ለሚጠቅመው ሥራ ይዋል።

ከግብሮቹ ሁሉ ጨው ተለይቶ የተነሣው በምክንያት ነው። በእኛ አገር አሞሌ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ለነበረ ሕዝብ የጨው ክብደት ብዙ ማስረዳት አያሻውም። በሕንድ በ1888 ቀረጡ ለአንድ ማውንድ ሁለት ሩፒ ተኩል ነበር፤ አንድ ማውንድ 37 ኪሎ ያህል ነው፣ ከሁለት ፈረሱላ ጥቂት ይበልጣል። ባለጸጋም ሆነ ድኃ ከወጡ ውስጥ የሚጨምረው ጨው ያው እኩል ነው፤ እንዲያውም በፀሐይ ውሎ ላቡ ሲንጠፈጠፍ የሚያመሽ የቀን ሠራተኛ ጨው የሚያስፈልገው ከቤት ከሚውለው በላይ ነው፤ ከብቱም ይልሳል። ስለዚህ ቀረጡ ከባለጸጋው ገቢ የማይታይ ቁራጭ ሲወስድ፣ ከድኃው ገቢ የሚታይ ቁራጭ ይወስዳል። በባሕር ዳር የሚኖር ሰው ፀሐይ አድርቆ የተወለትን ጨው አፍሶ ቢወስድ ደግሞ ወንጀለኛ ነው። ጎካሌ ይህን በየዓመቱ ያለ መሰልቸት አነሣው። በ1903 ቀረጡ ወደ ሁለት ሩፒ፣ በ1905 ወደ አንድ ሩፒ ተኩል፣ በ1907 ወደ አንድ ሩፒ ወረደ። ቀረጡ ሲቀንስ የሚሸጠው ጨው መጠን ጨመረ፤ ይህም ድኃው ቀድሞ ጨው ሲያጥረው እንደ ኖረ በመንግሥት በራሱ የሽያጭ መዝገብ ላይ አስመሰከረ። ቅነሳው የአንድ ሰው ንግግር ብቻ ያመጣው ነው አልልም፤ መንግሥትም የራሱ ምክንያትና የራሱ ስሌት ነበረው። ነገር ግን ትርፉ ከየት እንደ መጣ በአደባባይ ከተነገረ በኋላ «አንቀንስም» ለማለት ምክንያት ማቅረብ ግድ ሆነበት፤ ምክንያቱም አልተገኘም።

ከጨው ወደ ባቡር እንሂድ። በሕንድ የመጀመሪያው የመንገደኛ ባቡር ከቦምቤይ ተነሥቶ ታኔ የገባው ኤፕሪል 16 ቀን 1853 ነው፤ በ1900 የሐዲዱ ርዝመት ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር ተጠግቶ ነበር። ገንዘቡ ከለንደን የተሰበሰበበት መንገድ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። የሕንድ መንግሥት ለኩባንያዎቹ ባለ አክሲዮኖች በመቶ አምስት ወለድ ዋስትና ሰጠ፤ ባቡሩ ያን ያህል ካላተረፈ ጉድለቱን የሚሞላው የሕንድ ገበሬ ግብር ነው። ኪሳራው የማይመለከተው ሰው ደግሞ ወጪ ለመቆጠብ አይጨነቅም። በዚህ ምክንያት እስከ መቶ ዓመቱ ማብቂያ ድረስ የባቡሩ ሂሳብ በጠቅላላው ለካዝናው ሸክም ሆኖ ኖረ። እንዲህም ሆኖ በ1908 ለንደን ላይ የተቀመጠው የማካይ ኮሚቴ ለሕንድ ባቡር በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ እንዲወጣ አሳሰበ፤ በሩፒ 18 ነጥብ 75 ክሮር፣ ማለትም 187 ሚሊዮን ተኩል ሩፒ ነው፤ አንድ ክሮር 10 ሚሊዮን ነውና።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፤ አክብረን እንመልሰው። ባቡሩ እህል ካለበት ወደሌለበት አድርሷል፤ ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ዛሬም የሕንድ ኑሮ በእሱ ላይ የቆመ ነው። ለባቡር የተበደሩት ገንዘብ ራሱ ተመልሶ ያተርፋል፤ ትምህርት ቤት ግን በየዓመቱ የሚበላ እንጂ የሚያስገባ አይደለም። እንዲህ ያለው ተቃውሞ ውሃ የሚቋጥር ነው፤ ጎካሌም ባቡር አይሠራ አላለም። ያለው ተራው ይታይ ነው። ባቡሩ እህሉን ያደርሳል፤ ነገር ግን እህሉን ለመግዛት ገንዘብ የሌለው ሰው ጣቢያው አጠገብ ይሞታል፤ የ1899 ረኀብ ከ40,000 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ጋር አብሮ ነው የደረሰው። ለዚያ ሰው መስኖ ይቀርበው ነበር። በ1896 ቦምቤይ የገባው ቸነፈር በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ እየጨረሰ ሳለ ንጹሕ ውሃና የቆሻሻ መውረጃ የሌላቸው ከተሞች ለመሥራት አቅም አልነበራቸውም፤ ጎካሌ ከዓመቱ ትርፍ ለእነሱ ይድረሳቸው እያለ ሲወተውት የዓመቱ ትርፍ ለሐዲድ ይውል ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በብድር የሚሠራ ባቡር በብድሩ ይሠራ፤ ከድኃው በግብር ተሰብስቦ የተረፈው ገንዘብ ግን የመጀመሪያ ባለመብቱ ድኃው ነው። ለባቡር ሥራ የሚከራከሩለት የእንግሊዝ ነጋዴዎች ማኅበራት፣ የብረት ፋብሪካዎች፣ የለንደን ባለ አክሲዮኖች ነበሩ። ለመንደር የውሃ ጉድጓድ በለንደን የሚከራከር ማኅበር አልነበረም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ እንመለስ። ጎካሌ በማርች 1910 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ነጻና ግዴታ ወደ መሆን ይሂድ የሚል የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ፤ መንግሥት ጉዳዩን እንደሚመረምር ቃል ሲገባለት መልሶ ወሰደው። በዚያው ዓመት የትምህርት መሥሪያ ቤት ራሱን ችሎ ተቋቋመና ሰር ሃርኮርት በትለር ተሾመበት። ማርች 16 ቀን 1911 ጎካሌ ረቂቅ ሕጉን ይዞ መጣ። ይህን ረቂቅ አንቀጽ በአንቀጽ የሚያነብ ሰው የጸሐፊውን ጥንቃቄ ሳያደንቅ አያልፍም። አስቀድሞ፣ ሕጉ በአንድ አካባቢ የሚሠራው ከወንዶቹ ልጆች መካከል በቂ ቁጥር ያላቸው በፈቃዳቸው መማር ከጀመሩ ብቻ ነው፤ መጠኑን የሚወስነውም እንደራሴው ነው። ይህ ከተሟላ በኋላም የአካባቢው ምክር ቤት ሊፈልግ ይገባል፤ ፈልጎም የክፍለ ሀገሩን መንግሥት ፈቃድ ማግኘት አለበት። ልጅ የታመመበት፣ ትምህርት ቤት የራቀበት፣ በአዝመራ ጊዜ የልጁ እጅ የሚያስፈልገው ወላጅ አይገደድም። የወር ገቢው ከ10 ሩፒ የማይበልጥ ወላጅ ለትምህርት አይከፍልም። ሴቶች ልጆች በመጀመሪያው ላይ በግዴታው ውስጥ አይገቡም፤ ይህ አንቀጽ ዛሬ ያሳዝነናል፣ ማሳዘንም አለበት፤ ጎካሌ ግን ተቃዋሚ ለማብዛት አቅም አልነበረውም። ወጪው ሦስት ቦታ ተከፍሎ ሁለት እጁን መንግሥት፣ አንድ እጁን የአካባቢው ምክር ቤት ይሸፍናል። ሐሳቡ የተቀዳው ከየት ነው ቢሉ ከእንግሊዝ የ1870 እና የ1876 የትምህርት ሕጎች፣ ከአየርላንድም የ1892 ሕግ ነው። እንግሊዞቹ ለራሳቸው ልጆች ያወጡትን ሕግ፣ በስንት መቀነት ታስሮና ለስልሶ፣ መልሰው እንዲያዩት አቀረበላቸው።

ረቂቁ ለክፍለ ሀገራት መንግሥታት፣ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለአካባቢ ምክር ቤቶች ተልኮ አንድ ዓመት ቆየ። መልሱ ሲመጣ የክፍለ ሀገራቱ መንግሥታት አብዛኞቹ ተቃውመዋል። በክርክሩ ላይ የመጀመሪያው ምክንያት የታወቀው ነበር፤ ገንዘብ የለም። ለቻይና የሚሸጠው ኦፒየም በስምምነት እየቀረ ስለነበር ካዝናው አንድ ትልቅ ገቢ ሊያጣ ነው ተባለ፤ ይህ እውነት ነው። ጎካሌ በሂሳብ መለሰ። ለትምህርት የደረሱት ወንዶች ልጆች 12 ሚሊዮን ተኩል ያህል ናቸው፤ ለአንድ ልጅ በዓመት 5 ሩፒ ቢያዝ 6 ክሮር ከሩብ ይሆናል፤ አሁን የሚወጣው ሲቀነስ ጭማሪው አራት ክሮር ተኩል፣ ከዚህም የመንግሥት ድርሻ ሦስት ክሮር ነው፤ ይኸውም በአንድ ቀን የሚጠየቅ አይደለም፣ ወደ አሥር ዓመት ገደማ እየተስፋፋ የሚደረስበት ነው። በዚያው ዘመን ለጦሩ በየዓመቱ የሚወጣው 30 ክሮር ይጠጋ ነበር። ለባቡር የታሰበውን ደግሞ ቀደም ብለን ሰምተናል። እንግዲህ ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ ከሦስቱ ትንሹ ብቻ ለምን አገር የሚያከስር ሆኖ እንደ ታየ መጠየቅ ይገባዋል። ካነሰም የጉምሩክ ቀረጥን ከፍ ማድረግ ይቻላል አለ ጎካሌ። ያን ጊዜ 35 ዓመቱ የነበረው የቦምቤዩ ጠበቃ ሙሐመድ አሊ ጂናህ፣ በኋላ ፓኪስታንን የመሠረተው፣ ከረቂቁ ጎን ቆሞ ይህንኑ የገንዘብ ምክንያት ተከራክሮበታል።

ሁለተኛው ምክንያት ሕዝቡ አልጠየቀም የሚል ነበር። ለዚህ ከክርክር ይልቅ ምሳሌ ይሻላል። በእንግሊዝ ጥላ ሥር ሆነው የራሳቸው ገዥ የነበራቸው ግዛቶች በሕንድ ብዙ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ባሮዳ ነው። ማሃራጃ ሳያጂራኦ በ1893 በአምሬሊ አውራጃ ግዴታውን ሞክሮ፣ በ1906 በግዛቱ ሁሉ አወጀው። በደቡብ በትራቫንኮር ደግሞ ገና በ1817 የትምህርት ወጪ በመንግሥት ይሸፈን የሚል ትእዛዝ ከግዛቱ ንግሥት ወጥቶ ነበር፤ በ1911 ቆጠራ የዚያ ግዛት አንባቢ ቁጥር ከሕንድ አማካይ በእጅጉ ይልቃል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ሂሳብና ሳይንስ ያስተማሩን ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ትራቫንኮር ከገባባት ከኬረላ መሆኑን ሳስብ፣ ካዝናውን የያዘ ገዥ ትምህርትን ከፊት ሲያሰልፍ ፍሬው ምን ያህል እንደሚርቅ ይታየኛል። ሹማምንቱ ግን ባሮዳ ሲጠቀስባቸው፣ የዚያ ገዥ ፍጹም ሥልጣን ስላለው ነው አሉ። የእንግሊዝ እንደራሴ ሥልጣን ከአንድ ማሃራጃ ሥልጣን ያነሰ ነበር ብሎ የሚያምን ማን ነው?

ከባዱ ተቃውሞ ሦስተኛው ነው። ግዴታ ማለት መቀጮ ማለት ነው፤ መቀጮ ካለ ተቆጣጣሪ አለ፤ ተቆጣጣሪ ካለ በድኃው በር ላይ ቆሞ እጁን የሚዘረጋ አለ። በባዕድ አገዛዝ ሥር ይህ ባዶ ስጋት አልነበረም። ረቂቁ ለዚህ የሰጠው መልስ፣ ግዴታውን የሚያመጣው የአካባቢው ምክር ቤት ራሱ እንዲሆን ማድረጉ ነው፤ ሙሉ መፍትሔ ነው ለማለት ግን አልደፍርም። ሆኖም ይህን ስጋት በአዳራሹ ጮክ ብለው ያነሡት ሰዎች፣ ያው ድኃ ጨው ሲያፍስ በፖሊስ ሲያዝ ዝም ያሉ ናቸው። ከሕንዳውያን ባለ ርስቶችም የተቃወሙ ነበሩ፤ ከብት የሚጠብቅ፣ እርሻ የሚያርም ልጅ ትምህርት ቤት ከገባ የጉልበት ዋጋ ይወደዳል የሚል ስጋት ነበራቸው። ሙስሊሞች በተለይ በምን ቋንቋ ይማራል በሚለው ላይ ጥርጣሬ ነበራቸው፤ ያ ግን በኮሚቴ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነበር፤ 38ቱ የከለከሉትም ኮሚቴውን ነው።

ከሌላ ወገን የሚመጣ ክስ አለ። በጎካሌ ዘመንም ተነግሯል፣ ዛሬም ይነገራል። ያ ምክር ቤት ለባዕድ አገዛዝ ማሳመሪያ ነበር፤ በዚያ የተቀመጡት ጠበቆች፣ ባለ ርስቶችና ነጋዴዎች ከሚሊዮኖች መካከል በጥቂቶች የተመረጡ ነበሩ፤ እዚያ መናገር ውሃ መውቀጥ ነው፣ መልሶ እንቦጭ። ስለ ምርጫው የተባለው እውነት ነው። ስለ ንግግሩ የተባለው ግን ማስረጃው አይደግፈውም። የጨው ቀረጥ በአራት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወርዷል። የትምህርት መሥሪያ ቤት ተቋቁሟል። በዲሴምበር 1911 የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ንግሥና ዴልሂ ላይ ሲከበር ከታወጁት ስጦታዎች አንዱ ለሕዝብ ትምህርት 5 ሚሊዮን ሩፒ ነበር፤ ረቂቁ ከቀረበ ገና ዘጠኝ ወሩ ነበር። ይህ ሁሉ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ከባዶ ይበልጣል። ከዚህም በላይ መንግሥት እምቢ ያለበትን ምክንያት በስሙ፣ በቀኑ፣ በታተመ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲያኖር ተገድዷል። እምቢታው በሹም ክፍል ውስጥ በሹክሹክታ ቢቀር ኖሮ ቀጣዩ ትውልድ ማንን ይጠይቅ ነበር?

ክሱ ትክክል የሚሆነው ስለ ካዝናው ቁልፍ ሲናገር ነው። ጎካሌ በፌብሩዋሪ 1915 አረፈ፤ ገና 48 ዓመቱ ነበር። በ1913 መንግሥት ባወጣው የትምህርት መመሪያ ግዴታውን አልቀበልም፣ ትምህርቱን ግን አስፋፋለሁ አለ። በ1918 ቪታልባይ ፓቴል በቦምቤይ ምክር ቤት ያቀረበው ሕግ ጸደቀ፤ ከተሞች በፈቃዳቸው ግዴታውን እንዲያውጁ ተፈቀደ፤ ሌሎች ክፍለ ሀገራትም ተከተሉ። በ1919 ደግሞ አገዛዙ ተሻሽሎ ትምህርትና የሕዝብ ጤና በየክፍለ ሀገሩ ለሕንዳውያን ሚኒስትሮች ተሰጡ። ሚኒስትሮቹ ሥራ ሲጀምሩ ግን ገንዘብ ቤቱ አብሮ እንዳልተሰጣቸው አዩ፤ እሱ በእንግሊዙ አገረ ገዥ ወገን ቀርቷል። ትምህርት ቤቱ የአንዱ፣ ለትምህርት ቤቱ የሚከፈለው የሌላው ሆነ። ሕግ ነበረ፣ ፈቃድ ነበረ፣ ሚኒስትርም ነበረ፤ ተራውን የሚመድበው እጅ ግን ያው የቀድሞው ነበር። በ1923 ደግሞ በአብዛኛው በምርጫ የተሞላው አዲሱ የሕግ አውጪ ጉባኤ የጨው ቀረጥ ወደ ሁለት ሩፒ ተኩል ይመለስ የሚለውን የመንግሥት ሐሳብ በድምፅ ሲጥለው፣ እንደራሴው ሎርድ ሬዲንግ በተሰጠው ልዩ ሥልጣን ድምፁን ሽሮ ቀረጡን አጸደቀ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1930፣ ጎካሌን መምህሬ ይል የነበረው ማሕተመ ጋንዲ በእግሩ ወደ ዳንዲ ባሕር ዳር ወርዶ ከመሬት ላይ ጨው አነሣ።